ማንሣት

ካሜራው አራት ነው፣ እኛ ዐሥራ አንድ ነን፤
ተራ ስንጠብቅ ሽበት አበቀልን።
የአንዱ ባትሪ ጠዋት ብርድ ሲመታው ይሞታል፣
በብብት ሲታቀፍ እንደ ጫጩት ይነቃል።
መምህርት ኤድሊያ ከዋናው ደሴት
በጀልባ አመጣቻቸው፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣
እንደ ስርቆት ዕቃ በካፖርቷ ከልላ።
በቺሎዌ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
እሱ ቤተኛ ነው፣ ሳይጠሩት አይቀርም።

የመጀመሪያው ሳምንት አንድም አላነሣን።
ቁጥር ብቻ። ቀዳዳ፣ ፍጥነት፣ ብርሃን መመጠን።
መምህርቷ ከጓሮ ቧንቧውን ከፈተች፣
ባልዲ ከሥሩ አድርጋ፣ «ይህ ብርሃን ነው» አለች፤
«ቀዳዳው ሲጠብ የሚፈስሰው ያንሳል፣
ከፍታችሁ ብትቆዩ ባልዲው ይሞላል።»
ሮሳሜል ጠየቀ፦ «ሞልቶ ከፈሰሰስ?»
«ነጭ ይሆናል ልጄ። ምንም የማይታይ ነጭ።»

ከዚያ የቤት ሥራው፦ «ሥራን አንሡ» አለች።
ሥራ እንዴት ይነሣል?
መረብ ይነሣል፣ መልህቅ ይነሣል፣
የሰጠመ ሰው ስም እራት ላይ ይነሣል፣
ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል።
ሥራን ግን ከየት ይዤ፣ በየት በኩል ላንሣው?

ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጭቃው ሲጋለጥ፣
ዶኛ ኡምቤሊና ጉልበቷ ውኃ ውስጥ
ቀይ የባሕር ሣር ትነቅላለች፣
ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ጆንያ ትሞላለች።
«ዶኛ፣ ላንሣሽ?» ብላት ሳቀች፦ «ኧረ አንሺ!
እኔን ከመነሣት ይህን ጆንያ አንሺ!»
አነሣሁት። ወገቤ ጮኸ።
ካሜራው አንገቴ ላይ እንደ ደወል ተወዛወዘ።

ትናንት ማታ ሻማ ሳነሣ የተውኩት
አንድ ስምንተኛ ሰከንድ፣ ሳላየው፣ ሳልነካው
እዚያው ቆይቶ ኖሯል። ተጫንኩት።
ድንጋዩ ደኅና ነው፣ ፊቷ ደኅና ነው፣
እጇ ግን የለም፤ ጨርቅ ነው፣ ጭስ ነው፣
ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ውኃው ድረስ ነፋስ ነው።
«ተበላሸ» ብዬ ጣቴን ወደ መሰረዣው ላክሁ።
«ቆይ» አለች። እጇን በጃኬቷ ጠርጋ
በትንሿ መስኮት ራሷን ፈልጋ፣
«እኔ ነኝ» አለች። «ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ
ይህ እጅ ቆሞ አያውቅም። እንዳትሰርዢው።»

ደግሞ፦ «እስቲ አምጪው።»
ማሰሪያውን በአንገቷ አጠለቅሁ፤ የመጀመሪያው ሕግ ነው።
ስለ ቀዳዳ፣ ስለ ባልዲ ምንም ሳልነግራት
ቀጭ!
በምስሉ ውስጥ አፌ ተከፍቷል፦
«ውኃ እንዳይነካው!» እያልኩ ይመስላል።
አድማሱ ወደ ግራ ተንሸራቶ ወድቋል፣
ጥጉን እርጥብ አውራ ጣቷ ሸፍኗል።
እንዲህ ሆኜ ማንም አይቶኝ አያውቅም።
እኔም።

ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ሽማግሌ፤
ለመነሣት ሩብ ሰዓት ያቃስታል።
ሮሳሜል ማውሱን ይዞ፣ «አድማሱን ላቅናው» አለ፤
ሁለት ዲግሪ፣ አምስት፣ ሰባት... ባሕሩ ተስተካከለ፣
አውራ ጣቷ ግን ከጥጉ ተቆርጦ ቀረ።
«መልሰው» አልኩ። «መልሰው አልኩህ!»
መለሰው፤ በአንድ ጣት።
ከባሕሩ የሚለየው በዚህ ነው ኮምፒውተር።

የፋይሉ ስም ቁጥር ነበረ።
«ቁጥር ለእስረኛ ነው፣ የሰው ስም ጻፉ»
አለች መምህርት። ጻፍኩ፦
«ያነሣችው፦ ኡምቤሊና ናዌልኪ።»

ምስሎቹን በመርከብ መጠበቂያው ክፍል
በአሮጌ መረብ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን።
ቅዳሜ መጣች፤ ቦቲዋ ወለሉን አራሰው።
ከፊቱ ቆመች። ረጅም ጊዜ።
እኛ ሥራዋን ያደነቀች መስሎን ተጠቃቀስን።
እሷ ግን ከሻርፗ ሥር የአናጢ እርሳስ አወጣች፣
ምላሷን ነክሳ፣ ከስሟ ጫፍ
እኔ የዘነጋኋትን አንዲት «ን» ጨመረች፤
መርከቡ ጮኸ፣ ጆንያዋን አንሥታ ወጣች።

ፊደሏ ወፍራም ናት፣ ወደ ግራ ጋደል ብላለች።
ሮሳሜል አያት።
አላቀናትም።